ኬፕ ታውን ሲሄዱ ከሆቴሉም ከቲኬቱም በፊት ነፋሱን ይጠይቁ

ኬፕ ታውን ለመሄድ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ልረፍ?» እና «ተራራው ላይ በኬብል ካር ልውጣ ወይስ በእግሬ?» ብሎ ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። የከተማዋን ጠባይ የሚያውቅ ግን ጠዋት ሲነሣ መስኮት ከፍቶ የሚያየው ነፋሱ ዛሬ ከየት እንደሚነፍስ ነው። ኬብል ካሩ መሥራቱን፣ የትኛው ባሕር ዳርቻ ላይ ፎጣ ዘርግቶ ማረፍ እንደሚቻል፣ ወደ ሮበን ደሴት የሚሄደው ጀልባ መነሣቱን የሚወስነው እሱ ነው። ስለዚህ እዚህ አማራጮቹን የማነጻጽረው በየትኛው ነፋስ የቱ እንደሚሻል እያየሁ ነው። በማማርማ ሁሉም ያምራሉ።

ካርታውን አንድ ጊዜ በአእምሮ መያዝ ሌላውን ሁሉ ያቀላል። ከተማዋ ያለችው ወደ ደቡብ በተዘረጋ ባሕር ገብ መሬት ራስጌ ላይ ነው። መሬቱን መሃል ለመሃል የተራራ ሰንሰለት ይከፍለዋል፤ የሰንሰለቱ ሰሜናዊ ጫፍ 1,086 ሜትር ከፍታ ያለው ጠፍጣፋው ቴብል ማውንቴን ነው። በስተ ምዕራብ አትላንቲክ ውቅያኖስ አለ፤ ሲ ፖይንት፣ ክሊፍተን፣ ካምፕስ ቤይና ሃውት ቤይ በዚህ በኩል ናቸው። በስተ ምሥራቅ ፎልስ ቤይ የሚባለው ሰፊ ባሕረ ሰላጤ አለ፤ ሙዘንበርግ፣ ሴንት ጄምስ፣ ካልክ ቤይና ሳይመንስ ታውን የዚያ ወገን ናቸው። መንገዱ ካልተዘጋጋ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው በመኪና ከግማሽ ሰዓት እስከ አርባ አምስት ደቂቃ ነው። አንዱ ወገን ሲነፍስበት ሌላው ብዙ ጊዜ ጸጥ ስለሚል፣ ይህ ቅርበት ለጎብኚ ትልቅ ሀብት ነው።

መቼ ይሻላል?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ በቀጥታ ይበራል፤ ጉዞው ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ሰዓታቸው ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ ድካሙ የመቀመጥ ብቻ ነው። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛውን አስቀድሞ ማውጣት አለበት፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ይጠየቃል። ከልጅ ጋር የሚጓዝ የልደት ሰርተፊኬቱን ቢይዝ ከብዙ ንትርክ ይድናል።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ልጆቹን ይዞ የአዲስ አበባን ዝናብ ለመሸሽ ያሰበ ካለ ኬፕ ታውንን ለሌላ ጊዜ ያቆያት። የኬፕ ታውን ዝናብ የሚጥለውም ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ ያውም ከሰሜን ምዕራብ በሚመጣ ብርቱ ነፋስ ታጅቦ። የቀኑ ሙቀት ወደ 17 እና 18 ዲግሪ ይወርዳል፣ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ኬብል ካሩም ብዙ ጊዜ በዚሁ ወቅት ለዓመታዊ ጥገና ለቀናት ይዘጋል። ማረፊያ ግን ርካሽ ነው፤ በሁለት ዝናብ መካከል የሚመጡት ጥርት ያሉ ቀናትም ደስ ይላሉ። ለባሕር ዋና የሚሄድ ሰው ግን በዚህ ወቅት ገንዘቡን አያውጣ።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው በጋ ሌላው ጫፍ ነው። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መምሸቱን ለለመደ ሰው የቀኑ መርዘም ብቻውን ትልቅ ደስታ ነው። ነገር ግን የደቡብ አፍሪካ ትምህርት ቤቶችም በዚሁ ጊዜ ይዘጋሉ፣ ዋጋው ይሰቀላል፣ መንገዱ ይጨናነቃል። ዋናው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ የሚበረታውም ያኔ ነው። የአገሩ ሰዎች የከተማዋን ጭስና ጥቀርሻ ጠራርጎ ይወስዳል ብለው «የኬፕ ሐኪም» ይሉታል። ሲነሣ አንዳንዴ ለሦስት ለአራት ቀን አያቋርጥም። ገናን እዚያ ለማክበር ያሰበ ማረፊያውን ከወራት በፊት ይያዝ።

እኔ የምመርጠው ከየካቲት ማለቂያ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ያለውን ነው። ነፋሱ ጋብ ይላል፣ የፎልስ ቤይ ውሃ ገና የበጋውን ሙቀት እንደያዘ ነው፣ ሕዝቡም ወደ ሥራው ተመልሷል። ለእኛ አንድ የሚታሰብበት ነገር ወቅቱ ዐቢይ ጾም ላይ መዋሉ ነው፤ ስለ ምግቡ በኋላ እመለስበታለሁ። መስከረምና ጥቅምት ደግሞ ለአበባና ለዓሣ ነባሪ ይሆናሉ፤ አየሩ ግን በአንድ ቀን ውስጥ ሦስቴ ይለዋወጣል።

የት ማረፍ?

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድና አቅሙ መካከለኛ የሆነ ሰው ሲ ፖይንትን ይያዝ ብዬ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። የሚከራዩ አፓርታማዎች ሞልተዋል፣ የማዘጋጃ ቤቱ ማይሲቲ አውቶቡስ በደጅ ያልፋል፣ ሱፐርማርኬቱም ምግብ ቤቱም በእግር የሚደረስ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ረጅሙ የባሕር ዳር የእግር መንገድ አለ። በማታው በኩል ሕፃን በጋሪ የሚገፋው፣ ውሻ የሚያንሸራሽረው፣ የሚሮጠው፣ አሮጊቶቹም ሳይቀሩ እዚያ ይወጣሉ፤ ከተማዋ ሰዎቿን ሳትለይ የምትቀላቅለው እዚህ ነው። በመንገዱ አጠገብ ትልልቅ የባሕር ውሃ መዋኛ ገንዳዎችም አሉ።

ከሲ ፖይንት ጋር የሚፎካከረው ከተራራው ሥር ያለው ጋርደንስና አካባቢው ነው። ካፌ የሚወድ፣ ሙዚየም የሚያይ፣ ማልዶ ተራራ የሚወጣ ሰው እዚህ ይመቸዋል። ጉድለቱ የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ተራራውን ተሻግሮ ወደ ታች ሲወረወር መጀመሪያ የሚያገኘው ይህን ሰፈር መሆኑ ነው፤ ሌሊቱን መስኮት ሲያንኳኳ ያድራል።

ወተርፍሮንት የሚባለው የወደብ አካባቢ ውድ ነው፤ ሆኖም እናትና አባቱን ይዞ የሚሄድ ሰው ጨክኖ ቢከፍል አይጸጸትም። ጥበቃው ጠንካራ ነው፣ ማታም ሳይፈሩ በእግር ይዘዋወራሉ፣ ደረጃና ዳገት የለም፣ የሮበን ደሴት ጀልባም የሚነሣው ከዚያው ነው። ካምፕስ ቤይ በፎቶ ሁሉንም ያስንቃል፤ ከኋላ የ«አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት» ተራሮች፣ ከፊት ነጭ አሸዋ። ለማደር ግን ዋጋውንና የበጋውን የመኪና ሰልፍ አያካክስም። ለግማሽ ቀን ሄዶ መመለስ ይበቃል።

ልጆች ያሉት ቤተሰብ ሙዘንበርግን ወይም ሴንት ጄምስን ያስብ። ክራዩ ይቀላል፣ ውሃው ይሞቃል፣ ባቡሩ ባሕሩን ታኮ ያልፋል። ወደ መሃል ከተማ ጠዋት ጠዋት የሚገባው የመኪና ጎርፍ ግን ትዕግሥት ይጨርሳል፤ በየቀኑ ከተማ ገብተው ለመውጣት ካሰቡ ይቅርብዎ። ጊዜ ያለው ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት በሲ ፖይንት፣ የቀሩትን በሙዘንበርግ ቢያደርግ ሁለቱንም ባሕር ያገኛል።

ዘመድ ጋር ማረፍስ? በደቡብ አፍሪካ ያሉ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ከሆሳዕናና ከአካባቢው የሄዱ ናቸው፤ በጣም የሚበዙት ጆሃንስበርግ ቢሆንም ኬፕ ታውንም አሉ። ዘመድዎ ሎኬሽን በሚባሉት ከከተማ ዳር ያሉ የጥቁሮች ሰፈሮች ውስጥ ሱቅ ያለው ከሆነ ከማለዳ እስከ ምሽት ከመደርደሪያው የማይነቀል፣ ሱቁን ጥሎ ሊያስጎበኝዎ የማይችል፣ እንግዳ መጣ ብሎ ግን የሚጨነቅ ሰው ነው። ሥራው አደጋ እንዳለበትም እናውቃለን። ስለዚህ ማደሪያዎን ከተማ ውስጥ ይያዙና እሱ በሚመቸው ቀን፣ በሚለው ሰዓት፣ እሱ በሚልከው ሰው መኪና ሄደው ይጠይቁት። ለእርስዎም ለእሱም ይቀላል። በርበሬና ሽሮ ለመውሰድ ካሰቡ ግን ምን እንደሚፈቀድ አስቀድመው ያጣሩ፤ የእንስሳት ተዋጽኦ የሆነ ነገር ላይ የድንበር ቁጥጥሩ ጥብቅ ነው።

ተራራው፦ በኬብል ካር ወይስ በእግር?

ኬብል ካሩ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። አሁን ያሉት ክብ ክፍሎች 65 ሰው ይይዛሉ፤ ሽቅብ ሲወጡ ወለሉ ቀስ ብሎ ስለሚዞር መስኮት ይዞ መጋፋት አያስፈልግም። አምስት ደቂቃ አካባቢ ነው የሚፈጀው። ላይ ያለው መንገድ ጥሩ ነው፣ ዕድሜ የገፋም ሰው ያለ ችግር ይንሸራሸራል። ከሰዓት በኋላ የሚቆረጠው ቲኬት ከጠዋቱ ይረክሳል፤ ነፋሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ቀኑ ሲገፋ ነው። ስለዚህ አየሩ የማይታመን ከሆነ ለጠዋቱ ጨምሮ መክፈል ያዋጣል። ቲኬቱን በኢንተርኔት ሲገዙ ለስንት ቀን እንደሚያገለግል ይመልከቱ፣ ከመነሣትዎ በፊትም ኬብል ካሩ ክፍት መሆኑን በድረ ገጹ ላይ ያረጋግጡ። ከታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ላይ ዝግ ሊሆን ይችላል።

ምልክቱን ለማወቅ ደመናውን ማየት ነው። የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ከባሕር የያዘውን እርጥበት ተራራው ላይ ሲያወጣው ይቀዘቅዝና ነጭ ደመና ይሆናል። ደመናው ጠፍጣፋውን አናት ከዳር እስከ ዳር ይሸፍንና በከተማዋ በኩል ባለው ገደል ላይ እየፈሰሰ ይወርዳል፤ ሞቃቱ አየር ጋ ሲደርስ መሃል ላይ ይተናል፣ ከላይ ግን ሳይቋረጥ ይተካል። ከታች ሆኖ ለማየት ከዚህ የሚበልጥ ትዕይንት የለም። ላይ የወጣ ሰው ግን የገዛ እጁን አያይም። ደመናው ከተነጠፈ ተራራውን ለነገ ያቆዩት።

በእግር ለሚወጣ ሦስት ዓይነት ምርጫ አለ። በጣም የታወቀው ፕላቲክሊፕ ጎርጅ ነው። ከኬብል ካሩ የታችኛው ጣቢያ አልፎ ከዋናው መንገድ ይነሣና በድንጋይ ደረጃ እየተጠማዘዘ በቀጥታ ይወጣል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። መንገዱ አይጠፋም፣ አያስፈራም። ግን ደረጃዎቹ ለጉልበት የሚከብዱ ትልልቅ ድንጋዮች ናቸው። ፊቱም ወደ ሰሜን ነው፤ በዚያ አገር ፀሐይ ቀኑን የምትውለው በሰሜን በኩል ስለሆነ ጥላ የሚባል ነገር የለም። በበጋ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ያልጀመረ ሰው መሃል ላይ ይቀቀላል።

ሁለተኛው ከኪርስተንቦሽ የዕፅዋት መናፈሻ የሚነሣው ስኬልተን ጎርጅ ነው፤ የእኔ ምርጫ እሱ ነው። ጥቅጥቅ ባለ የጥላ ደን ውስጥ ጅረት ተከትሎ ይወጣል፣ ገደል ያለበት ቦታ ላይ የእንጨት መሰላል ተተክሎለታል፣ ላይ ሲደርስ ሰው በሌለበት በተራራው ጀርባ ይወጣና በሜክሌርስ ቢከን ከፍተኛው ጫፍ በኩል ወደ ኬብል ካሩ ያደርሳል። ሙሉ ጠዋት ይፈልጋል። ዝናብ ከዘነበ ግን ድንጋዩ ስለሚያንሸራትት አይሞከርም፤ በዚያው መንገድ መውረድም አይመከርም። ሦስተኛው ኢንዲያ ቬንስተር ይባላል፤ ከታችኛው ጣቢያ ጀርባ ስለሚጀምር ብዙ ጎብኚ አቋራጭ መስሎት ይገባበታል። በእጅ ዐለት እየቧጠጡ መውጣት ያለበት መንገድ ነው። አስጎብኚ ሳይኖር አይግቡበት።

ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው እዚህ ላይ አንድ ጥቅምና አንድ ወጥመድ አለበት። ጥቅሙ ትንፋሹ ነው፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ የቴብል ማውንቴን አናት ለሳንባችን ቆላ ነው። ወጥመዱ ደግሞ ያው ነው፦ «ይህቺ ምን አላት» ብሎ በሸበጥና በግማሽ ሊትር ውሃ መነሣት። ተራራው ከባሕር ጠርዝ ተነሥቶ ቀጥ ያለ ነው፣ ፀሐዩ ይፈጃል፣ አየሩም በሃያ ደቂቃ ከሙቀት ወደ ብርድና ጭጋግ ይገለበጣል። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውሃ፣ ባርኔጣ፣ ንፋስ የሚከላከል ጃኬት፣ የሞላ ስልክ። ብቻዎን አይሂዱ፤ ዘረፋም ስላለ ሰው በሚበዛበት ሰዓትና መንገድ ላይ መገኘት ይሻላል። ለአደጋ ከሞባይል 112 ይደወላል።

ጊዜ የሌለው ሰው ላየንስ ሄድን ይውጣ። 669 ሜትር ነው፣ በአንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይወጣል፣ መንገዱ ተራራውን እየዞረ ስለሚሄድ ከተማውንም ውቅያኖሱንም በየተራ ያሳያል። መጨረሻው ላይ ሰንሰለትና መሰላል አለ፤ ለሚፈራ ተለዋጭ መንገድ አለው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማድረግ የሚችል ጤናማ ወጣት በእግር ላየንስ ሄድ ላይ ወጥቶ ቴብል ማውንቴንን ፊት ለፊት ቢያየው ከኬብል ካሩ ሰልፍ ይሻለዋል እላለሁ። ከፍታ የሚፈራና እግሩን የሚያመው ደግሞ በመኪና ሲግናል ሂል ላይ ወጥቶ ጀንበር ስትጠልቅ ይይ፤ ክፍያ የለውም።

የቱ ባሕር?

ለክሊፍተን ከመንገዱ ወደ ታች በብዙ ደረጃ ይወረዳል። አራት ትናንሽ ዳርቻዎች በትልልቅ የግራናይት ቋጥኝ ተከፋፍለው ተደርድረዋል፤ ስማቸውም አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ ነው። አሸዋው ነጭና ደቃቅ፣ ውሃው እስከ ታች ድረስ የሚታይ አረንጓዴ ሰማያዊ ነው። ከኋላ ላየንስ ሄድና ገደሉ ስለሚከልሉት፣ ከተማው ውስጥ ባርኔጣ የሚያስወልቀው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ እዚህ አይደርስም። ይህን ሁሉ አይቶ የሮጠ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ውሃ ሲነካ ቆሞ ይቀራል። ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ እግር ይደነዝዛል። በመካከለኛው በጋ 11 ወይም 12 ዲግሪ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው።

ምክንያቱ ያው ነፋሱ ነው። ከደቡብ የሚመጣው ቀዝቃዛው የቤንጌላ የባሕር ጅረት በዚህ ወገን ያልፋል፤ በላዩ ደግሞ የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ላይኛውን የሞቀ ውሃ ወደ ጥልቁ ባሕር ሲገፋው፣ ከታች ያለው በረዶ የመሰለ ውሃ ተተክቶ ይወጣል። ስለዚህ በአትላንቲክ በኩል ፀሐዩ በበረታና ነፋሱ በነፈሰ ቁጥር ውሃው ይብስ ይቀዘቅዛል። ፎልስ ቤይ ይህ አይደርስበትም፤ በበጋ 20 ዲግሪ ይነካል፣ አንዳንዴም ያልፋል።

ምርጫው ከዚህ ይወጣል። ፀሐይ ለመሞቅ፣ ለማንበብ፣ ጀንበር ስትገባ ለማየት፣ በተለይ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ቀን፦ ክሊፍተን። ካምፕስ ቤይ አጠገቡ ቢሆንም በዚያ ቀን አይሞከርም፤ ነፋሱ ከተራሮቹ ላይ ተንደርድሮ ይወርድና አሸዋውን ፊት ላይ ይረጨዋል። ውሃ ውስጥ ለመግባት፣ በጸጥታ ቀን፦ ፎልስ ቤይ። ሙዘንበርግ ረጅም፣ ዝቅ ያለና ቀስ እያለ የሚጠልቅ ዳርቻ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ከተቀቡት የእንጨት ልብስ መቀየሪያ ቤቶች ፊት ለፊት ሰርፊንግ የሚያስተምሩ ሞልተዋል። ሞገዱ የዋህ ስለሆነ ጀማሪ የሚማረው እዚህ ነው። የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ሲበረታ ግን ይህ ዳርቻ ፊት ለፊት ይቀበለዋል፤ ባሕሩ ይናወጣል፣ ሰማያዊ ፊኛ የሚመስሉ የሚናደፉ የባሕር ፍጥረታትም ወደ ዳር ይጣላሉ። እነሱን ልጅ በእጁ እንዳይነካ።

ከደጋ የመጣን ብዙዎቻችን ዋና አንችልም፤ ብንችልም የተማርነው በመዋኛ ገንዳ ወይም ላንጋኖ ላይ ነው። ውቅያኖስ ሌላ ነገር ነው፤ ጉልበት ድረስ የቆመን ሰው ጎትቶ የሚወስድ የተመላሽ ውሃ ጉልበት አለው። ስለዚህ ዋና ለማይችል ሰውና ለልጆች የሴንት ጄምስ የባሕር ገንዳ ከሁሉም ዳርቻ ይበልጣል። በድንጋይ የታጠረ ነው፣ ማዕበሉ ሲሞላ ውሃው ይታደሳል፣ ሲጎድል ረግቶ ይቀመጣል። ክፍት ባሕር ውስጥ የሚገባ ሁሉ ደግሞ ጠባቂዎቹ ቀይና ቢጫ ባንዲራ በተከሉበት መካከል ብቻ ይዋኝ።

ስለ ሻርክ የሚጠይቅ አይጠፋም። በፎልስ ቤይ ተራራ ላይ ተቀምጠው ባሕሩን በመነጽር የሚጠብቁ ሠራተኞች አሉ። አረንጓዴ ባንዲራ ከተሰቀለ እይታው ጥሩ ነው፣ ሻርክም አልታየም ማለት ነው። ጥቁር ከሆነ ውሃው ደፍርሶ አይታይም። ቀይ ከሆነ በቅርቡ ታይቷል። ነጭ ሆኖ የሻርክ ሥዕል ያለበት ከተሰቀለና ሳይረን ከጮኸ ወዲያው ከውሃ ይወጣል።

ወደ ኬፕ ፖይንት፦ በአስጎብኚ ወይስ በራስ መኪና?

የባሕር ገብ መሬቱን ዙሪያ መዞር ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ ከከተማዋ ጉዞዎች ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። መንገዱ በሃውት ቤይ በኩል ቻፕማንስ ፒክ ላይ ይወጣል። 9 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 114 ጥምዝ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1922 የተጠናቀቀ፣ ከገደል ተፈልፍሎ የወጣ መንገድ ነው፤ ይከፈልበታል፣ ድንጋይ የሚወድቅበት አየር ሲሆንም ይዘጋል። ከዚያ በባሕር ገብ መሬቱ ደቡባዊ ጫፍ ያለው ኬፕ ፖይንት፣ ከዚያ በሳይመንስ ታውን በኩል የቦልደርስ ፔንግዊኖች፣ ከዚያ በካልክ ቤይ ወደ ከተማ።

በራስ መኪና መሄድ ነፃነት ይሰጣል። ነገር ግን እዚያ የሚነዳው በግራ ነው፣ መሪው በቀኝ። ለአዲስ ሰው የመጀመሪያ ልምምዱ ቻፕማንስ ፒክ ላይ መሆን የለበትም። አራት ሰው ከሆናችሁ ለቀኑ ሹፌር ያለው መኪና መከራየት ከአስጎብኚ አውቶቡስ ብዙም አይበልጥም፤ የሚፈልጉበት ቦታም ይቆምልዎታል። ብቻውን የሆነ ሰው ለአስጎብኚ ቢከፍል ይሻለዋል።

ፔንግዊኖቹን ቀድሞ ማየት የሚፈልግ ጉዞውን ገልብጦ ከምሥራቅ ይጀምር፤ ጠዋት ሰው ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በሁለት ጥንድ የጀመሩ ናቸው። የአፍሪካ ፔንግዊን ዛሬ ከምድረ ገጽ የመጥፋት እጅግ ከባድ ሥጋት ያለበት ወፍ ስለሆነ የመግቢያው ክፍያ አይቆጭ፤ ለመንካት አይጠጉ፣ ይነክሳሉም። ኬፕ ፖይንት ላይ ደግሞ ዝንጀሮዎቹ የመኪና በር መክፈት የለመዱ ናቸው፤ ምግብ ይዘው አይውጡ። እዚያ ቆመው የአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ነኝ ብለው ፎቶ የሚለጥፉ ብዙ ናቸው፤ ጫፉ ግን ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ርቆ የሚገኘው ኬፕ አጉላስ ነው።

ሮበን ደሴት ወይስ ኪርስተንቦሽ?

ሁለቱም ግማሽ ቀን ይፈጃሉ። ሮበን ደሴት የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ከሌላው ጎብኚ የሚለይበት ምክንያት አለው። ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ መጥተው ኮልፌ የወታደር ሥልጠና ወስደዋል፤ ወደ አገራቸው በተመለሱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ በነሐሴ 1962፣ ተያዙ። ከ27 ዓመት እስራታቸው 18ቱን ያሳለፉት በዚያች ደሴት ነው። ጉብኝቱን ለረጅም ዘመን የመሩት እዚያው የታሰሩ ሰዎች ናቸው፤ ማንዴላ የታሰሩባት ክፍል ፊት ቆሞ እነሱን መስማት በሌላ መንገድ አይገኝም። ባሕር ሲናወጥ ጀልባው ስለሚሰረዝ ከጉዞዎ የመጀመሪያ ቀናት በአንዱ ይያዙት፤ ቢሰረዝ ለመተካት ቀን ይተርፋል።

ኪርስተንቦሽ እ.ኤ.አ. በ1913 የተመሠረተ የዕፅዋት መናፈሻ ነው። ጥላ ያለው፣ ሣሩ ላይ የሚተኛበት፣ ሕፃን የሚሮጥበት ቦታ ነው። አዛውንት ያለበት ቤተሰብ በአንድ ቀን አንዱን ብቻ ከመረጠ ኪርስተንቦሽን ይምረጥ። ጎልማሳ ብቻውን ከሆነ ሮበን ደሴት።

ምግብ፣ መጓጓዣ፣ ጥንቃቄ

ካልክ ቤይ ወደብ ላይ ከጀልባ የወረደ ዓሣ በጥብስ ድንች ይበላል፤ ስኑክ የሚሉት ዓሣ የአገሩ ሰው የሚኮራበት ነው። ጾመኛ ግን አይቸገርም። ከተማዋ ሥጋም ወተትም የሌለበትን ምግብ በሚገባ ታውቃለች፤ ቦ-ካፕ በሚባለው የሙስሊሞች ሰፈር የሚሠራው የቅመም ወጥና የአትክልት ሳምቡሳም ለእኛ ምላስ ቅርብ ነው። ሲያዙ «ቪጋን» ማለት ይበቃል፤ «አትክልት» ብቻ ካሉ ቅቤና አይብ ሊገባበት ይችላል። የቧንቧው ውሃ ይጠጣል።

ለመጓጓዣ በሲ ፖይንትና በመሃል ከተማ ቀን ቀን ማይሲቲ፣ ማታ በስልክ የሚጠራ ታክሲ። ወደ ሙዘንበርግና ሳይመንስ ታውን የሚሄደው ባቡር በቀን፣ ሰው ሲበዛበት ጥሩ ነው። ሲመሽ በባዶ መንገድ በእግር አይሂዱ፤ ስልክ በእጅ ይዘው ካርታ እያዩ መቆም ሌባን መጥራት ነው። መኪና ውስጥ ቦርሳ መቀመጫ ላይ አይተዉ፣ መብራት ላይ ሲቆሙ መስኮት ይዝጉ። ሶኬታቸው ሦስት ትልልቅ ክብ ቀዳዳ ያለው ስለሆነ መቀየሪያውን ኤርፖርት ላይ ይግዙ።

ሦስት ቀን ብቻ ካለ

ቀናቱን አስቀድመው አይቆልፉ። ማታ ማታ የነገውን የነፋስ ትንበያ ይዩ። የመጀመሪያው ጸጥ ያለ ጠዋት የተራራው ነው፤ ድካምም ቢኖርብዎ አያሳልፉት፣ ሁለተኛ ላይመጣ ይችላል። ተራራው ላይ ደመና የተነጠፈበት ቀን ለክሊፍተን ይሁን፤ ማታውን በሲግናል ሂል ፈንታ በሲ ፖይንት የእግር መንገድ ያሳልፉት፣ ሲግናል ሂል ላይ ነፋሱ አያስቆምም። ዝናብ የያዘ የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ከመጣ በተራራው ወደ ተከለለው ወደ ሳይመንስ ታውንና ካልክ ቤይ ይሂዱ። ኬፕ ፖይንትን ደመና ቢኖርም ማየት ይቻላል፤ ብርቱ ነፋስ ግን እዚያ ከየትም ይብሳል።

አራተኛ ቀን ከተገኘ ምርጫው በስቴለንቦሽና በሄርማነስ መካከል ነው። ስቴለንቦሽ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወይን የሚቀምስ፣ የቆዩ ነጫጭ ቤቶችና የባሉጥ ዛፍ ጥላ የሚወድ ይሂድበት። ሄርማነስ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የሚያዋጣውም ከሰኔ እስከ ኅዳር ብቻ ነው፤ በተለይ በመስከረምና በጥቅምት ዓሣ ነባሪዎቹ ከነግልገሎቻቸው ገደሉ ሥር ድረስ ስለሚመጡ፣ ለጀልባ ሳይከፍሉ ከባሕሩ በላይ ባለው የእግር መንገድ ላይ ተቀምጠው ማየት ይችላሉ።